አባቴን በቁሙ ቀበርኩት

ወደዚህ አምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «ከዳችኝ»፣ «ጥሎኝ ሄደ» የሚሉ ናቸው። የዛሬው ግን ለየት ይላል። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሁለተኛውን ስጨርስ የያዝኩት ሻይ ቀዝቅዞ ነበር። ጸሐፊው ረዘም አድርጎ ስለጻፈው ዋና ዋናውን አሳጥሬ አቀርብላችኋለሁ። ስሙ እንዲገለጽ አልፈለገም፤ እኛም አንገልጽም።

«ዕድሜዬ 29 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል።

«በ2013 ዓ.ም.፣ ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በወሰደበት ዓመት፣ አንድ ካፌ ውስጥ ጨዋታ ሳይ ከአንዲት ልጅ ጋር ተዋወቅሁ። እኔ ማሊያዬን ለብሼ እጮሃለሁ፤ እሷ ጥግ ይዛ መጽሐፍ ታነባለች። ጩኸቴ ቢያስቸግራት ቀና አለችና "ወንድም፣ አንተም እዚያ ሜዳ ውስጥ ነህ እንዴ?" አለችኝ። በዚያው ተግባባን። እሷ ልብ ወለድ እንዳነብ አደረገችኝ፤ እኔ ስለ ጎንደር አወራላት ጀመር። ስለ ግንቡ፣ ስለ ጥምቀቱ፣ ስለ ቡድናችን። ጎንደርን ሳታያት ወደደቻት።

«ከዚያ ስለ ቤተሰቦቼ ጠየቀችኝ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። አባቴ አዝማሪ ነው። አያቴም አዝማሪ ነበር። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። "አባቴም ሞቷል" አልኳት። እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣሁ።

«ለምን እንዲህ አደረግህ ትሉኝ ይሆናል። ልጅ ሆኜ አባቴን ተከትዬ ሠርግ ቤት እሄድ ነበር። አንድ ቀን አንድ የሰከረ ሰውዬ ብር በምራቁ አርሶ ግንባሩ ላይ ለጠፈበት። ሰዉ ሁሉ ሣቀ። አባቴም ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም። ትምህርት ቤት ደግሞ ስሜን የሚጠራኝ አልነበረም፤ "የአዝማሪው ልጅ" ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ማሲንቆ ሁለተኛ በእጄ አልነካም ብዬ ማልኩ። አባቴ አልተቆጣኝም። "እንግዲያው ቀለሙን ያዝ" አለኝ፤ በማሲንቆውም አስተማረኝ።

«ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። ለቤተሰቦቿ ሽማግሌ ሲላክ የእናቴ ወንድም ሳይወድ በግዱ በአባቴ ቦታ ሄደልኝ። ባለፈው ወር አባቴ ደወለ። ወሬውን ከሰው ሰምቷል። "ልታገባ ነው አሉኝ። የማሲንቆውን ቆዳ አስለውጬዋለሁ፤ ጭራውም አዲስ ነው። ቀኑን ብቻ ንገረኝ" አለኝ። "እሺ" ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነቱን ልንገራት? ወይስ አባቴን "ሠርጉ ተሰርዟል" ልበለው?

ጭንቅ ላይ ያለሁ፣ ከአዲስ አበባ»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ አሳዝኖኛል። ትንሽ አናዶኛልም። ሁለቱንም ሳልደብቅ ልንገርህ።

ግንቡ ያንተ፣ ማሲንቆው የማን?

እስቲ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። በፋሲል ግንብ ትኮራለህ፤ ግን አንድም ድንጋይ አላነሣህበትም። በፋሲል ከነማ ትኮራለህ፤ ዋንጫውን ያመጡት ግን ሜዳ የገቡት ልጆች ናቸው። ይህ ነውር የለበትም፤ ሰው በአገሩ ይኮራል። የሚገርመው ሌላ ነው። ከጎንደር ሀብት ሁሉ በደምህ የወረስከው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ደብቀህ የሌላውን ሁሉ ለልጅቷ አሳየሃት። ማሊያው ላይ የጮኸ አፍ ማሲንቆው ላይ ተዘጋ።

በጎንደር ዙሪያ እንደ ቡርቧክስ ያሉ በአዝማሪነታቸው የታወቁ መንደሮች እንዳሉ አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ። እዚያ ልጅ ገና በጨቅላነቱ ማሲንቆ ይይዛል። ኖታ የለ፣ ደብተር የለ፤ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ እያየና እየሰማ ነው የሚማረው። መሣሪያው ሲያዩት ቀላል ነው፤ በቆዳ የተለበጠ ሣጥን፣ አንድ እጀታ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር፣ አንድ ደጋን። ከዚያች አንድ አውታር ግን ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉን፣ አንቺ ሆዬውን ያወጡታል። እጁ ያንን ሲሠራ አፉ ደግሞ ግጥም ይፈጥራል። ፊቱ የተቀመጠውን እንግዳ አይቶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ ጠባዩን ገምቶ እዚያው በዚያው ቤት የሚመታ ግጥም ይወረውራል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ሲሰጠውም አንድ ቃል ሳያዛንፍ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። በመካከላቸው የሚግባቡበት የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋም አላቸው፤ የውጭ አገር ምሁራን ሳይቀሩ አጥንተው ጽፈውበታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ችሎታ ለምን አሳፋሪ ሆነ? «አዝማሪ» የሚለው ቃል እኮ ከግእዙ «ዘመረ» የመጣ ነው። መዝሙርም መዘምርም ከዚያው ሥር ነው የበቀሉት። ነገር ግን አንዱ ቅኔ ማሕሌት ገባ፤ ሌላው ጠጅ ቤት ደጅ ቀረ። መኳንንቱ አዝማሪ የሌለበት ግብር አይጥማቸውም ነበር፤ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። ስለዚህ አዝማሪ የሚጋባው ከአዝማሪ ጋር ሆኖ ኖረ። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንም ያየንበት ዓይን ይኸው ነው። የሸመነውን እንለብሳለን፤ በሠራችው እንጋግራለን፤ ከዚያ ዞር ብለን እንንቃቸዋለን።

የንቀቱን ያህል ግን አዝማሪ ይፈራ ነበር። ጋዜጣና ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን ወሬ ከአገር አገር የሚያደርሰው፣ ጀግናውን የሚያነሣው፣ ፈሪውን የሚያዋርደው እሱ ነበርና። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶች እየተለቀሙ እንዲገደሉ ካዘዙባቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮች ጋር በየአገሩ እየዞሩ የሚያዜሙ አዝማሪዎች ይገኙበታል። አስበው፣ ወንድሜ። ታንክና አውሮፕላን ያለው ጦር አንድ አውታር የያዘን ሰው ፈራው። አንተ ያፈርክበትን ነገር ጠላት ፈርቶት ነበር።

እኛም አለንበት

አሁን ደግሞ ስለራሳችን። ብሩን በምራቁ አርሶ አባትህ ግንባር ላይ የለጠፈው ሰውዬ ሩቅ አይደለም። እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችን እሱን ነን። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት እዚያ ከነበሩት አዝማሪ ቤቶች በአንዱ አንድ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር አምሽቼ ነበር። አዝማሪው አንዱን ጓደኛችንን በግጥም ጠረበው፤ ሆዳችንን ይዘን ሣቅን፤ ሰጠነው፤ ወጣን። ታክሲ ውስጥም ግጥሙን እየደጋገምን ሣቅን። የሰውየውን ስም ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። ልጅ ይኑረው፣ ልጁ በእሱ ይፈር ይኩራ፣ በሐሳባችንም አልመጣም። ደብዳቤህን ሳነብ ያ ሰው ትዝ አለኝ።

ስለዚህ በልጅነትህ ስላፈርክ አልፈርድብህም። የስምንተኛ ክፍል ልጅ የማኅበረሰቡን ንቀት ብቻውን ሊሸከም አይችልም። አሁን ግን 29 ዓመትህ ነው፤ ሚስት ልታገባ ነው። ደግሞም ዘመኑ ተለውጧል። ማሲንቆ ዛሬ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የዲግሪ ትምህርት ነው። የአዝማሪ ልጆች ማሲንቋቸውን ይዘው አውሮፓና አሜሪካ መድረክ ላይ እየወጡ ነው። አባትህ ደግሞ ማንም መድረክ ላይ ሳያወጣው በዚያችው አውታር አንተን ዩኒቨርሲቲ አድርሶሃል። የያዝከው ዲግሪ የተገዛው በዚያ ግንባሩ ላይ በተለጠፈው ብር መሆኑን ለደቂቃ አትርሳ። የሣቀውም ደስ ብሎት አይመስለኝም። የትምህርት ቤት ወጪህን እያሰበ ይሆናል የሣቀው።

ታዲያ ምን ላድርግ?

አንደኛ፣ «ሠርጉ ተሰርዟል» የምትለውን ሐሳብ ዛሬውኑ ጣለው። አንዴ በቁሙ የቀበርከውን ሰው ሁለተኛ ልትቀብረው ነው። ደግሞም አባትህን አታሞኘው። ሰምና ወርቅ ሲፈታ የኖረ ሰው አንተ ስልክ ላይ «እሺ» ብለህ ስትዘጋ ወርቁን አልሰማም ብለህ ነው? ሰምቷል። ቀኑን እንድትነግረው የጠየቀህም በሩን ክፍት ሊተውልህ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ ለእጮኛህ ንገራት። በስልክ አይሆንም፤ በጽሑፍም አይሆንም። ጸጥ ያለ ቦታ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ንገራት። ከማሲንቆው አትጀምር፤ ከውሸቱ ጀምር። «አባቴ በሕይወት አለ። ዋሽቼሻለሁ» በላት። ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ታስረዳለህ። ሁለቱን ካቀላቀልክ ይቅርታው የሚጠየቀው ለአባትህ ሙያ ይመስላል። የአባትህ ሙያ ይቅርታ አያስፈልገውም። ይቅርታ የሚያስፈልገው ለሌለ ሞት ያስፈሰስካት እንባ ነው።

ሦስተኛ፣ ለመናደዷ ተዘጋጅ። ቀለበቱን ልትመልስልህ ትችላለች። «የአዝማሪ ልጅ ስለሆንክ ነው» እንዳትል፤ ስለዋሸህ ነው የሚሆነው። የማሰቢያ ጊዜ ስጣት፤ በየሰዓቱ እየደወልክ አታስጨንቃት፤ ጓደኞቿንም አማላጅ አታድርግ። እንደ ነገርከን ግን መጽሐፍ የምትወድ ልጅ ናት። ግጥም ከሚወለድበት ቤት ወጥተህ፣ ቃል ለሚወድ ሰው ያንን ቤት መደብቅህ ከሁሉም በላይ ሳያስቆጫት አይቀርም። ምናልባት «አዝማሪ ነው» ስትላት የምትጠይቅህ የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ ነው የምሰማው?» የሚል ቢሆንስ?

በሌላ በኩል፣ ውሸቱን ይቅር ብላህ «አዝማሪ» የሚለውን ግን መቀበል ካቃታት፣ ያንንም ከሠርግ በኋላ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻልሃል። አያቱን የምትንቅ እናት ያለችው ልጅ ነገ ያንተን ደብዳቤ መልሶ ይጽፈዋል።

አራተኛ፣ ጎንደር ሂድ። መልእክት አትላክ፤ ራስህ ሂድ። ጉልበቱን ስመህ «አባቴ፣ በድያለሁ» በለው። የሚያውቀውን ያህል ያውቃልና ታሪክ አታብዛበት። አጎትህንም ከዚህ ጣጣ አውጣው። ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ወደ ልጅቷ ቤተሰቦች ተመለሱ፤ የተባለው ሁሉ ይታረም። ያሳፍራል፤ አውቃለሁ። ግን «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። አንተ ባትናገረው ሠርግ ቤት የሚመጣ አንድ የጎንደር ሰው ይናገረዋል።

የመጨረሻው የማሲንቆው ነገር ነው። «ሠርጉ ላይ ይጫወት ወይስ አይጫወት?» ብለህ ትጨነቅ ይሆናል። ይህንን አንተም እኔም አንወስንለትም። አባትህ ሠርጉ ላይ የሚገኘው ተከራይቶ አይደለም። በመጀመሪያ አባት በሚቀመጥበት ወንበር ይቀመጥ፤ ሙሽራዋ ጉልበቱን ትሳም፤ ዘመድ አዝማዱ ይወቀው። ከዚያ በኋላ «ማሲንቆዬን አምጡልኝ» ካለ፣ ሌላ ሰው አትላክ። ሂድና ራስህ አምጥተህ ስጠው። ስምንተኛ ክፍል ሆነህ «በእጄ አልነካም» ያልከውን መሐላ በዚያች ቀን አፍርሰው። የሚሸልመው ሰው ካለም መጀመሪያ የሚነሣው ሙሽራው ይሁን። ብሩን ግን በምራቅህ አታርሰው፤ በሁለት እጅህ ስጠው።

እናንተ አንባቢያንም የዚህን ልጅ ደብዳቤ አንብባችሁ «ወይ ጉድ!» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ማሲንቆ የያዘ ሰው ፊታችሁ ሲቆም፣ ከግጥሙ በፊት ስሙን ጠይቁት።

ወንድሜ፣ የሆነውን ጻፍልን። ሠርጉ ከደረሰ ደግሞ «ተቀበል!» ሲባል የምንቀበል ብዙ ነን።

ቸር ይግጠመን።