ከባድ ዱላ ኃይለኛ ዱላ አይደለም

የገና ሰሞን ሜዳ ላይ የሚሰማ አንድ ሙገሳ አለ። ጎረምሳው ክንድ የሚያህል ወይራ ትከሻው ላይ ጥሎ ብቅ ሲል ዳር የቆመው ሁሉ «አሁን ዱላ መጣ!» ይላል። ዱላው እንዴት እንደተቆለመመ ያየ የለም። ደረቅ ይሁን ርጥብ የጠየቀ የለም። ልጁ ይቻለው አይቻለው ግድ የሰጠው የለም። መወፈሩ ብቻ በቃ።

እኔ ደግሞ ያ ሙገሳ ጨዋታውን እየገደለው ነው እላለሁ። ጎበዝ ለጊዎቻችንን ያዘገያል፣ የልጆችንም ቅልጥም ይሰብራል። ቅልጥሙን የተመታው ልጅ እናት «ሁለተኛ እዚያ ሜዳ እንዳላይህ» ስትል ማን ይከራከራታል? እውነቷን ነው። እንዲህ እያለ በየዓመቱ ከሜዳው አንድ ሁለት ልጅ ይቀንሳል። ከዚያ እኛ ቁጭ ብለን «ወጣቱ ባህሉን ረሳ፣ ኳስ ብቻ ሆነ» እንላለን። ወጣቱ አልረሳም። እንዳይሰበር ፈርቶ ነው የሄደው።

ጎንደር ኮረብታ ላይ ናት፤ ለጥ ያለ ሜዳ የሚፈልግ ወደ አዘዞ ይወርዳል። የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያም አዘዞ ላይ ያረፈው በከንቱ አይደለም። ሜዳ ካለን፣ ልጅ ካለን፣ በዓሉ ካለን የጎደለን ለዱላው የሚሰጠው ሐሳብ ነው። ለእግር ኳስ ጫማ ስንገዛ ቁጥሩን እንለካለን፣ መርገጫውን እናያለን፣ ጣታችንን አስገብተን እንሞክራለን። ለገና ሲሆን ግን ጠዋት ከአጥር የተመዘዘ ባሕር ዛፍ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ነው።

እስቲ ከስሜት ወጥተን በሒሳብ እንነጋገር። ጥንጓ ስትለጋ የምታገኘው ፍጥነት በዋናነት በሁለት ነገር ይወሰናል። አንደኛው ዱላው የሚሰነዘርበት ፍጥነት ነው። ሁለተኛው የዱላው ራስ ከጥንጓ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት ነው። በ10 በመቶ ፈጥናችሁ ከሰነዘራችሁ ጥንጓ በዚያው ልክ 10 በመቶ ትፈጥናለች። የክብደት ጥቅም ግን ቶሎ ይጠግባል። ራሱ የጥንጓን 5 እጥፍ የሚመዝን ዱላ ጥላችሁ 10 እጥፍ የሚመዝነውን ብታነሡ የምታተርፉት 9 በመቶ ግድም ነው። ክብደቱን እጥፍ ተሸክሞ 9 በመቶ! ያም ቢሆን ከባዱን ዱላ እንደ ቀላሉ ፈጥናችሁ ከሰነዘራችሁት ነው። አትሰነዝሩትም። ክንድ አይታለልም። ዱላው ሲከብድ ምቱ ይዘገያል፣ እስክታነሡት ጥንጓን ሌላው ወስዷታል፣ ከተሰነዘረ በኋላም መሐል ላይ ልታቆሙት አትችሉም። የሚሰበረው ቅልጥም እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው። ዱላው አንዴ ከሄደ ሄዷል፤ ባለቤቱም እንደ ተመልካች ያየዋል።

ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች ፓዴል የሚሉትን ጨዋታ አይታችሁ ይሆናል። በ1969 እ.ኤ.አ. አካፑልኮ፣ ሜክሲኮ ውስጥ የተጀመረ፣ በመስታወት ግድግዳ በታጠረ ሜዳ የሚጫወቱት የቴኒስ ዘመድ ነው። እዚያ አጥቂ የሆነና የበሰለ ተጫዋች የሚመርጠው ራኬት ለብቻው አለ። ቅርጹ እንደ አልማዝ ሾጠጥ ያለ፣ ክብደቱ ወደ ራሱ ያጋደለ፣ ውስጡ ጠጣር ፎም፣ ፊቱ ካርቦን ነው። ጠቅላላ ክብደቱስ? ብዙውን ጊዜ ከ360 እስከ 375 ግራም። ለጀማሪ ከሚሰጠው ክብ ራኬት የሚበልጠው፣ ከበለጠም፣ በጥቂት ግራም ነው። ኃይሉ የመጣው ክብደቱ ከተቀመጠበት ቦታና ከጠጣርነቱ ነው። ዋጋም ያስከፍላል፤ በትክክል የሚመታበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ከዚያ ወጣ ሲል ምቱ ይሞታል፣ ክርንም ያሳምማል። ስለዚህ የሚሸጡት ሰዎች ራሳቸው ለጀማሪ አይመክሩትም። እኛ ግን ከሁሉ የከበደውን ዱላ ከሁሉ ለማያውቀው ጎረምሳ ሰጥተን እናጨበጭብለታለን።

አንድ ነገር ልጨምር። አዘዞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በ18 በመቶ ያህል ይሳሳል። ቴኒስ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ በደንቡ ያስቀመጠው እንዲህ ባለ ቦታ ኳስ ስለሚበርር ነው። ጥንግ ጠጣር ስለሆነች ልዩነቱ እንደ ቴኒስ ኳስ አይጎላም፤ ቢሆንም ደጋ ላይ የተለጋችን ጥንግ የሚይዛት አየር ያንሳል። እኛ አገር ርቀት አልቸገረንም። የቸገረን አቅጣጫ ነው።

«አባቶቻችን በወይራ ነበር የሚለጉት፣ አንተ ማን ነህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ወይራ ነው፣ ልክ ነህ። ግን አባቶችህ ወይራውን እንዴት አድርገው ነበር የሚያዘጋጁት? ጠዋት ቆርጠው ከሰዓት አይለጉበትም ነበር። ዱላ ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ይሰቀላል፣ ቅቤ ወይም ሞራ ይጠጣል፣ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ርጥብ ወይራ ከደረቁ እጅግ ይከብዳል፤ ክብደቱም ውኃ ነው። ውኃ ጥንግ አይለጋም። የአባቶችህን ዱላ የምትጠራ ከሆነ የአባቶችህንም ትዕግሥት ጥራ።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ለአጥቂ ለጊ ወይራን የሚያህል የለም። ጠጣር ነው፣ ምቱን አይውጥም፣ ሲደርቅም ጥሩ ልስላሴ ያወጣል። ክትክታ ቀጠን ብሎም የሚችል ነው፤ ለፈጣን እጅ እኔ እሱን አስቀድማለሁ፣ የሚስቅብኝ ይሳቅ። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ብሳና ለምድጃ ይሁን። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለውን ወይራ ለዱላ ብሎ የሚጨፈጭፍ ካለ ደግሞ እሱ በዓል አላከበረም፤ ለአንድ ዱላ አንዲት ቅርንጫፍ ትበቃለች፣ ዛፍ አይወድቅም።

ዋናው ግን ቆልማማው ነው። በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል፣ የእንጨቱ ክር ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ስለሚዞር። ቀጥ ያለውን ርጥብ ሳለ በእሳት አሙቆ፣ አጉብጦ፣ በገመድ አስሮ ማድረቅም ይቻላል። ወፍራም ግንድ በመጥረቢያ ጠርቦ ቆልማማ ማውጣት ግን ክሩን መቁረጥ ነው፤ መልኩ ያምራል፣ በሦስተኛው ምት ጫፉ ተገንጥሎ የሰው ፊት ላይ ይሄዳል። ጉብጠቱ በጣም ከተዘጋ ጥንጓን እየጎተቱ ለመሄድ ይመቻል እንጂ ለመለጋት አይሆንም። አጥቂ ገለጥ ያለውን ይምረጥ፤ የሚመታበትንም ጎን በቢላዋ ጠፍጠፍ ያድርገው። እጀታው ላይ ጠፍር ይጠምጥምበት፣ ላብ እንዳያንሸራትተው።

ከዚያ ይሞክረው። እጀታውን በአንድ እጁ ይዞ ክንዱን ወደ ፊት ይዘርጋ፤ ቀስ ብሎ 10 እስኪቆጥር ራሱ ወደ መሬት ካዘነበለ ያ ዱላ የሌላ ሰው ነው። ድንጋይ ላይ መታ መታ ያድርገው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፣ ከታፈነ ወይ ርጥብ ነው ወይ ውስጡ ተሰንጥቋል። ጣቱ ላይ አግድሞ ሚዛኑን ይፈልግ፤ ሚዛኑ ወደ ራሱ ከቀረበ የምት ዱላ ነው፣ ወደ እጀታው ከቀረበ የመቆጣጠር ዱላ ነው። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሰጠው። ጫፉ ላይ ብረት ቀለበት የሚያስገቡ፣ ሽቦ የሚጠመጥሙ አሉ። እነሱን ከሜዳ ማስወጣት ነው፤ ክርክር የለኝም።

በሌላ በኩል ደግሞ «አደገኛ ስለሆነ ይቅር» ወይም «በፕላስቲክ ይተካ» የሚሉ አሉ። ከእነዚህም ጋር አልስማማም። ምት የሌለው ገና ገና አይደለም። ጠጣር ዱላ የያዘ፣ የሚያደርገውን የሚያውቅ ለጊ ጥንጓን ከሰው መሐል አውጥቶ ሲልካት ማየት የዓመቱ ደስታ ነው፤ ያንን ሰው መሣሪያ መቀማት ቅጣት ነው። ጥፋቱ የዱላው ጠጣርነት ላይ አይደለም። ጠጣሩን ዱላ ለማን እንደምንሰጥ አለማሰባችን ላይ ነው።

የገናን ጨዋታ ልማድ የሚያነሡም አሉ፤ በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይሰለፋል፣ ጌታም ቢመታ አይቆጣም። መልካም ልማድ ነው። ግን ለትሕትና የተሰጠ ነው እንጂ ለግድየለሽ ዱላ የተሰጠ የይለፍ ወረቀት አይደለም። ጥርሱ የወለቀን ልጅ «ገና ነው፣ ቻለው» ሲሉት ሰምቻለሁ። ልማዱን ለእንዲህ ያለ ነገር መሸፈኛ ማድረግ ልማዱን ማዋረድ ነው።

የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ደንብ አውጥቶ ከነትግልና ገበጣ ጋር ያወዳድራል። በየሰፈሩ ሜዳ ላይ ግን የሚዳኘው የሰፈር ሽማግሌ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ለሰፈር ሽማግሌዎችና ለወጣት ማኅበራት ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ዱላዎቹ መሬት ላይ ይደርደሩ። ርጥቡ፣ የተሰነጠቀው፣ ብረት ያለበት ይውጣ። ልጆች ከልጆች ጋር በቀላል ዱላ ይጫወቱ። ከባዱን የሚፈልግ ደግሞ መጀመሪያ በቀላሉ ለግቶ ያሳይ፤ ጥንጓን ወዳሰባት ቦታ ሦስት ጊዜ ካደረሳት የፈለገውን ያንሣ። ይህ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ሳንቲምም አይጠይቅም።

ዱላ ደግሞ የዋዜማ ሥራ አይደለም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምት የተቆረጠ ቅርንጫፍ ታስሮ፣ በጥላ ሰንብቶ፣ ከምድጃው በላይ ሁለት ወር ያህል ጭስ ጠጥቶ ለታኅሣሥ 29 ይደርሳል። በታኅሣሥ የተቆረጠው ለዘንድሮ አይሆንም፤ ለከርሞ ይሰቀል።