መንገዱም ከሥራው ይቆጠራል

ደንብ ልብሱን የለበሰ አይሮፕላን ነጂ ትንሽ ቦርሳውን እየጎተተ ሲያልፍ ያየ ተማሪ ሁሉ «ምነው እኔ በሆንኩ!» ይላል። ነገር ግን ያ ሰው ከየት እንደ መጣና ሌሊቱን የት እንዳደረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በአሜሪካ የብዙዎቹ ነጂዎች ቤት በአንድ ከተማ፥ ሥራቸው በሌላ ከተማ ነው። ስለዚህ ቦርሳቸውን ይዘው እንደ መንገደኛ በሌላ አይሮፕላን ተሳፍረው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። የካቲት 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ማታ በቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ ኪው 400 አይሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ይህ ዓይነት አይሮፕላን በአገራችን የውስጥ በረራ የምናውቀው ነው። መርማሪዎቹ ለአደጋው ምክንያት ያሉት የዋናውን ነጂ የተሳሳተ አነዳድ ነው፤ ሆኖም ድካም ሁለቱንም ነጂዎች ሳይጎዳቸው እንዳልቀረ ገልጸዋል። ረዳቲቱ ነጂ የቀደመውን ሌሊት ከሲያትል ስትጓዝ አድራ ነበር። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተሻሻለ፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ነጂው ከሥራ በፊት የ10 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጠው፥ እርሱም ዐርፎ እንዲመጣ ታዘዘ።

«ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር ሰኞ ጧት ክፍላችንን ይመልከት። ከገጠር መጥተው አሶሳ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ጓደኞቻችን ዓርብ ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ። ሰኞ በሌሊት ተነሥተው የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው በእግራቸው ይመለሳሉ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፈተና ሲቀርብ እንቅልፍ የሚጥላቸው እነርሱን ነው። እኛም «ሰነፎች ናቸው» እንላለን። የጣላቸው ግን ስንፍና ሳይሆን መንገድ ነው።

«አባቶቻችን ከዚህ የበለጠ ተጉዘው ተምረዋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የሚመሰገነው ግን ትጋታቸው ነው እንጂ ድካማቸው አይደለም። ፈተና የሚለካው ዕውቀትን ከሆነ፥ የደከመውንና ያረፈውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትክክል አይመስለኝም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። መምህራኖቻችን የሰኞን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ከፈተና ነጻ ቢያደርጉልን፤ ወላጆች ስንቁን ቅዳሜ አዘጋጅተው ልጃቸውን እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢሸኙ፤ እኛም ተማሪዎች ከቤት መለየት ቢከብደንም እሑድ ማታ በአሶሳ ብናድር መልካም ነው።

ነገ ከመካከላችን አይሮፕላን ነጂ ይወጣ ይሆናል። ዐርፎ ወደ ሥራ መግባትን ግን ከዛሬው ሰኞ ይልመድ።