በሣር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችና የመኖ ልማት

የእንስሳት መኖ ልማት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለዘሩ፣ ለአፈሩና ለውኃው ነው። በሣሩ አካል ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት የሚሰጠው ግምት ግን አነስተኛ ነው። ይሁንና ባለፉት አምስት አሥርት ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ምርምሮች የግጦሽ መሬት ምርታማነትና የከብቶች ጤንነት በእነዚሁ ሕዋሳት ሊወሰን እንደሚችል አረጋግጠዋል።

ኢንዶፋይት የሚባሉት ፈንገሶች በተክሉ ላይ የበሽታ ምልክት ሳያሳዩ በውስጡ ይኖራሉ። ራይግራስና ፌስኪዩ በተባሉት የመኖ ሣሮች ውስጥ የሚገኙት ዝርያዎች ከሣሩ ምግብና መጠለያ ሲያገኙ፣ በአጸፋው አልካሎይድ የተሰኙ ኬሚካሎችን በማምረት ሣሩን ከተባይ ይከላከሉለታል። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፉትም በሣሩ ዘር አማካይነት ነው።

ይህ ጉርብትና ጥቅም ብቻ ያለው እንዳልሆነ የአሜሪካ ተሞክሮ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1931 በኬንታኪ ግዛት በአንድ ገበሬ መሬት ላይ የተገኘው የፌስኪዩ ሣር በ1943 ለአርሶ አደሮች የተለቀቀ ሲሆን፣ ድርቅንና ተባይን በመቋቋሙ በሚሊዮኖች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ተስፋፍቷል። ሣሩን የሚመገቡ ከብቶች ግን ክብደታቸው አይጨምርም፣ ወተታቸው ይቀንሳል፣ የሰውነታቸው ሙቀት ይጨምራል፣ አንዳንዶቹም የእግርና የጅራት መበስበስ ይደርስባቸው ነበር። የችግሩ መንስኤ በሣሩ ውስጥ ካለው ፈንገስ ጋር የተያያዘ መሆኑን የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ያመለከቱት በ1977 ነው።

ከዚያ በኋላ የተወሰደው እርምጃ ከፈንገሱ ነፃ የሆነ ዘር ማሰራጨት ነበር። ከብቶቹ አገገሙ፤ ሣሩ ግን ድርቅንና ተባይን መቋቋም ተስኖት በብዙ ቦታዎች ጠፋ። ጎጂ ተብሎ የተወገደው ፈንገስ የሣሩ ጠባቂም እንደነበር የታወቀው በዚህ መልኩ ነው።

በኒውዚላንድም ተመሳሳይ ሁኔታ ታይቷል። በጎችን እያንገዳገደ የሚጥለው ሕመም በራይግራስ ውስጥ ከሚኖረው ፈንገስ ጋር ግንኙነት እንዳለው በ1981 ሲገለጽ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ያው ፈንገስ ሣሩን ከግንድ ቦርቧሪ ጢንዚዛ እንደሚጠብቅ ታወቀ። ምርምሩ በተጠናከረ መጠን በጎችን የሚጎዳውና ጢንዚዛውን የሚያርቀው ኬሚካል የተለያዩ መሆናቸው ተረጋገጠ። በመሆኑም ተመራማሪዎች ፈንገሱን ከማጥፋት ይልቅ ጠቃሚውን ኬሚካል የሚያመርቱ፣ ጎጂውን ግን የማያመርቱ የተፈጥሮ ዝርያዎችን መርጠው ከሣሩ ጋር አዋሐዱ። ኤአር 1 የተሰኘው ዝርያ በ2001፣ ኤአር 37 ደግሞ በ2007 ለገበያ ቀርበዋል።

በሞቃታማ አካባቢ ሣሮች ላይ በተካሄደው ምርምር ኢትዮጵያዊቷ ሳይንቲስት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ጉልህ ድርሻ አላቸው። በኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የትሮፒካል ግብርና ማዕከል ሲሠሩ፣ መገኛው አፍሪካ በሆነው የብራኪያሪያ ሣር ውስጥ በዘር የሚተላለፍ ፈንገስ መኖሩንና ሣሩን ከቅጠል በሽታ ለመከላከል እንደሚያግዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳይተዋል። በመኖ ሣሮችና በጥቃቅን ሕዋሳት ግንኙነት ላይ ላደረጉት ምርምርም በ2014 የሎሪያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተበርክቶላቸዋል።

የእነዚህ ተሞክሮዎች ፋይዳ ከቤተ ሙከራ ያልፋል። በከብት ሀብቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነችው ኢትዮጵያ የመኖ እጥረትን ለማቃለል የተሻሻሉ ሣሮችን በማስፋፋት ላይ ትገኛለች። በዘሩ ውስጥ ያለው ፈንገስ ምልክት የማያሳይ በመሆኑ በዓይን በሚደረግ ፍተሻ አይለይም። ስለሆነም የራይግራስና የፌስኪዩ ዘር ከውጭ ሲገዛ ምን ዓይነት ፈንገስ እንደያዘ በግዥ ሰነዱ ላይ እንዲገለጽ መጠየቅ፣ ኋላ በእንስሳት ላይ ከሚደርስ ጉዳት ያድናል።

የዘር አያያዝም የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይሻል። በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ በቆየ መጋዘን ፈንገሱ ከዘሩ ቀድሞ ይሞታል። ዘሩ ሲዘራ ይበቅል ይሆናል፤ ጠባቂው ግን አብሮት የለም። የብቅለት መጠንን ብቻ የሚለካ የጥራት ምርመራ ይህን ጉድለት አያሳይም።

በሌላ በኩል የአንዱን አገር ውጤት እንዳለ መቅዳት እንደማይገባ መታወቅ ይኖርበታል። በብራኪያሪያ ውስጥ የሚገኘው ፈንገስ በራይግራስ ውስጥ ካለው የተለየ ነው። በአገሪቱ አየር ንብረት የሚበቅሉ ሣሮች በአገሪቱ ማሳ ላይ፣ ከብቶቹም ባሉበት ሊፈተኑ ይገባል። የአሜሪካ አርሶ አደሮች ሣሩን ከዘሩ በኋላ የፈንገሱን ምንነት ለማወቅ ከ30 ዓመታት በላይ ወስዶባቸዋል። ዛሬ የመኖ ልማት ዕቅድ የሚያዘጋጁ አካላት ግን ዕውቀቱ ከዘሩ ቀድሞ በእጃቸው ይገኛል።