ብሎን ወይስ ብየዳ? ለማስታንግ ወዳጆቻችን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ ብሎን ነው የምጽፈው። አትሳቁ፣ ነገሩ ገንዘብም ነፍስም ያለበት ነው።

ትናንት ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ አንድ ታናሽ ወንድማችን የማስታንጉን ፎቶ አሳየን። የፈረንጆቹ 1967 ሞዴል ናት፤ ሶስት ዓመት ሌሊት እየነዳ ባጠራቀመው ነው የገዛት። ትልቅ ሞተርና ሰፋፊ ጎማ ገጥሞላታል። አካሏን ለማጠንከር ደግሞ በብሎን የሚታሰር ማገናኛ ብረት አዟል። «ጋሼ፣ ብየዳ መኪና ያበላሻል፤ ብሎን ግን ሲያስፈልግ ይፈታል» አለኝ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ አልተስማማሁም።

መጀመሪያ መኪናዋን እንወቅ። የዚያ ዘመን ማስታንግ እንደ ፒክአፕ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ ሙሉ ሻሲ የላትም። የፊቱና የኋላው ብረት ለየብቻ ናቸው፤ መሃሉን የያዘው ወለሉና በር ስር ያለው ላሜራ ነው። ጉልበት ሲበዛባት ትጠመዘዛለች፣ በሯ አልገጥም ይላል፣ ላሜራው ይሰነጠቃል። ማገናኛው የሚገባው ሁለቱን ብረቶች አንድ ለማድረግ ነው።

«ድልድይስ በብሎን አይደል እንዴ የሚታሰረው?» ብሎ አንዱ ሊያጠምደኝ ሞከረ። ልክ ነው፣ እኔም አገር ቤት ኢንጂነር ሳለሁ ብረት በብሎን አሳስሬአለሁ። ግን የድልድይ ብሎን ወፍራም ብረትን ከወፍራም ብረት ጋር በኃይል ጨምቆ ነው የሚይዘው። የማስታንግ ወለል ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። የሻሲዋ ብረት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ ብሎኑን ስታጠብቀው ይጎደጉዳል። ጭመቁ ሲላላ ማገናኛው ይንሸራተታል፣ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። ማገናኛው ሥራ እስኪጀምር አካሏ ቀድሞ ተጠምዟል።

«ይፈታል» ለሚለውም፦ ብሎኑስ ይፈታል፣ የበሳኸው ቀዳዳ ግን የት ይሄዳል? ውሃ ይገባበታል፣ ዝገት ይጀምረዋል።

ብሎን ሁልጊዜ መጥፎ ነው አላልኩም። ከ1967 እስከ 1969 የተሰራው ካማሮ የፊት ሻሲው ከፋብሪካም በብሎንና በጎማ የታሰረ ነው። እዚያ ላይ ጎማውን በጠንካራ ብረት ቀይሮ፣ ኋላውን በይዶ ፊቱን በብሎን ማሰር ያስኬዳል። መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ የተጠበቀ ከሆነ ደግሞ ምንም አትንኩት፣ ብሎንም አይግባበት።

ብየዳም ቢሆን በማንም አይሰራም። ዝገት ላይ አይበየድም፤ የዛገው ተቆርጦ ይውጣ። ባትሪው ይፈታ፣ ምንጣፉ ይነሳ፣ የነዳጅ ቱቦው ይጠበቅ፤ እሳት ቀልድ አያውቅም። ከሁሉ በላይ መኪናዋ ክብደቷን በአራቱ ጎማዋ ተሸክማ ትበየድ። መሃሏን በክሪክ አንስታችሁ ከበየዳችሁ፣ ያጣመማችሁትን ቅርጽ ለዘለዓለም አሰራችሁት ማለት ነው።

ወንድሜ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሃት ና። ከፊት አንዱን ጥግ በክሪክ እናነሳና የበሩን ክፍተት እንለካለን። ካልተቀየረ ተሸነፍኩ፣ ቡናው በኔ ነው። ከተቀየረ ግን ያዘዝከውን መልሰህ በያጅ እንፈልጋለን፣ ከጎንህ እቆማለሁ።

በሉ ተራዬ ደረሰ። ኮሜንት ላይ ስደቡኝ፣ ማታ እመልሳለሁ።