ወረቀት የሌለው ሕግ ቤት የለውም?

ሰሞኑን አንድ ሹም ዘንድ ቀርቤ ስለ ዶርዜ ዱቡሻ ብጠይቀው፣ «ሰነድ አለው?» አለኝ። ወይ ጉድ!

እስቲ ስለ ሰነድ እናውራ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን በ1215 እ.ኤ.አ. በራኒሚድ ሜዳ ማግና ካርታን አጸደቀ። ሜዳው ላይ መታሰቢያ ያቆመለት ግን የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ነው፣ በ1957 እ.ኤ.አ.። ባሕር ተሻግረው የሰው አገር ሕግ አከበሩ። እኛስ ደጃችን ላለው ምን አደረግን?

ሻርነው! የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347፣ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን የልማድ ደንብ ሁሉ ሻረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ፣ በሩን ገርበብ አደረገው እንጂ ወለል አድርጎ አልከፈተውም።

ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት፣ የሚያስታርቁበት ሜዳ ነው። ግድግዳ የለው፣ ማኅተም የለው። ታዲያ መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገን መገደሉ ተሰምቶ የአርባ ምንጭ ወጣት በቁጣ ሲወጣ ማን አስቆመው? ቆመጥ ነው? ኧረ የለም! ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ። አንድም አንቀጽ አልተጠቀሰም።

«ዱቡሻም እኮ ጉድለት አለው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በድሮው ልማድ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ይገለሉ ነበር። ይህ ይታረም! ግን ጉድለት ያለበት ሁሉ የሚሻር ከሆነ የትኛው ፍርድ ቤት ሊተርፍ ነው?

ሹማምንቱ የዶርዜን የቀርከሃ ቤት ለቱሪስት ማሳየት ይወዳሉ። ቤቱ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ምስጥ እግሩን ሲበላው ባለቤቱ አያፈርሰውም፤ የተበላውን ቆርጦ ዝቅ ያደርገዋል፣ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሸክሞ ያዛውርለታል። ሕጉም እንዲሁ ከዓመት ዓመት እያጠረ ነው። የሱ ምስጥ ግን ከአፈር አልመጣም፤ ቢሮ ውስጥ ወንበር ይዟል።

የሐውልት ልመና አልያዝኩም። የዱቡሻ መሬት ይለካ፣ ይከበር። ሽማግሌ ያስታረቀው ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ክብደት ይኑረው። ጌቶቼ፣ ቤቱን ፎቶ አንስታችሁ ሕጉን አትቅበሩት! ነገ ቁጣ ዳግመኛ አደባባይ ቢወጣ፣ ሣር ይዞ የሚንበረከክ ሽማግሌ ከየት ልታመጡ ነው?