በማንኩሳ መንገድ መጽሐፍና ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥን የማንበብ ልማድን አዳክሟል የሚለው ክስ በኢትዮጵያ ከተሞች ከተለመደ ቆይቷል። ክሱ የሚመረኮዘው የጊዜ ሽሚያ ሊባል በሚችል አስተሳሰብ ላይ ሲሆን፣ ይኸውም የሰው ትርፍ ሰዓት የተወሰነ በመሆኑ ለስክሪን የተሰጠው ጊዜ ከመጽሐፍ ላይ መቀነሱ አይቀርም የሚል ነው። አሜሪካዊው ኒል ፖስትማን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከሰዓት አሳልፎ ወደ አእምሮ በመውሰድ፣ በምስል የሚመራ ኅብረተሰብ ረጅም ክርክርን የመከታተል ትዕግሥት እንደሚያጣ አስጠንቅቋል። ፖስትማን የጻፈው ግን ጋዜጣና መጽሐፍ ከቴሌቪዥን አስቀድሞ በየቤቱ ስለገባበት አገር ነው፤ የእርሱን ክስ እንዳለ አንሥቶ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ላይ መጫን እውነተኛውን ጉድለት ይሸፍናል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም ለረጅም ዘመን የከተማ ሰው ሀብት ሆኖ ቆይቷል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከከተማ ቤተሰቦች 93 በመቶው ኤሌክትሪክ ሲኖራቸው፣ ከገጠር ቤተሰቦች ግን የነበራቸው 8 በመቶው ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 69 በመቶ መሆናቸውም በዚያው ጥናት ተመዝግቧል። በቆሎውንና በርበሬውን ቡሬ ገበያ ሸጦ ወደ ቀበሌው የሚመለስ ገበሬ ቤቱ የሚጠብቀው ኩራዝ እስከሆነ ድረስ፣ ቴሌቪዥን ከመጽሐፍ የሚሻማው ምሽት አልነበረውም። እንዲያውም ቴሌቪዥን የሚያስገባው የኤሌክትሪክ መስመር ማንበቢያ አምፖሉንም አብሮ ያመጣል። በ2002 ዓ.ም. የተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ሲያሳይ፣ የኢትዮጵያ ልጅ በአብዛኛው ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት ያድግ ነበር።

ይህ ማለት ጎጃም ንባብ የሌለበት አገር ነበር ማለት አይደለም። በየደብሩ ያለው ንባብ ቤት፣ ማለትም ሕፃናት ፊደልና አቡጊዳ ለይተው ዳዊት እስኪደግሙ የሚማሩበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ፊደልን አንድ በአንድ እየጠሩ ከማንበብ ተነሥቶ ያለ እንቅፋት እስከሚፈስሰው ቁም ንባብ ድረስ ልጁን በደረጃ ያወጣዋል። ነገር ግን ይህ ንባብ ጮክ ተብሎ የሚነበብ፣ በአንድ የብራና መጽሐፍ ዙሪያ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት፣ በቃል መያዝንም የሚያከብር ሥርዓት ነው። የዛሬው ክርክር ንባብ የሚለው፣ ለብቻ ተቀምጦ ልብ ወለድ ወይም ታሪክ የማንበብ ልማድ፣ በገጠሩ ሥር ለመስደድ ጊዜ አላገኘም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሮ በዓመቱ ከዩኔስኮ ሽልማት ተቀብሏል፤ ሆኖም ፊደል የቆጠረ ገበሬ የሚያነበው ነገር ካጣ የተማረው ይጠፋዋል። ድኅረ መሠረተ ትምህርት የተባለው ተከታይ ሥራ፣ ይኸውም አዲሶቹ አንባቢዎች በቀላል ቋንቋ የተዘጋጁ ጽሑፎችን እያነበቡ ችሎታቸውን የሚያጸኑበት መርሐ ግብር፣ እየተዳከመ መሄዱ ከማንኛውም ስክሪን የበለጠ ጉዳት አድርሷል።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን በባሕርያቸው የመጽሐፍ ጠላቶች ናቸው የሚለውን አሳብ የሚያፈርስ ማስረጃ ከዚሁ አካባቢ ስም ጋር ተያይዞ ይገኛል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ማንኩሳ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ገጸ ባሕርይ የበዛብህ የትውልድ ስፍራ ናት፤ በዛብህና ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌል የተቀራረቡትም እርሱ አስተማሪ እርሷ ተማሪ ሆነው ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው ፊደል ላልቆጠረው ሰው ጭምር ደረሰ፤ በቅርቡ ደግሞ ወደ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ተለውጧል። ድራማውን አይቶ መጽሐፉን ለማንበብ የሚጓጓ የማንኩሳ ወጣት ከየት ያገኘዋል? በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የወረቀት ዋጋ በመናሩም መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብ ለገጠር ቤተሰብ የማይሞከር ሆኗል።

ቴሌቪዥን ፈጽሞ ንጹሕ ነው ለማለትም አይቻልም። የሳተላይት ዲሽ በከተሞቹ ከተስፋፋ ወዲህ፣ በተለይም ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ በኋላ፣ የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ቤት ምሽት ተለውጧል። መጽሐፍ የመግዛትም የማንበብም አቅም የነበረው ይህ ክፍል በመሆኑ የጊዜ ሽሚያው ክስ በእርሱ ላይ ይሠራል። ይሁንና ከመዝናኛው ይልቅ የሚያሳስበው ለማስተማሪያነት የገባው ቴሌቪዥን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው ፕላዝማ፣ ማለትም በሳተላይት ከማዕከል በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚተላለፍ ትምህርት፣ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ወስዶ መምህሩን መግቢያና ማጠቃለያ ተናጋሪ አደረገው። ከገጠር አንደኛ ደረጃ በአማርኛ ተምሮ የመጣ ተማሪ ያልገባውን ነገር በመጽሐፍ ወደ ኋላ ገልጦ ደግሞ እንደሚያነብ ሁሉ ፕላዝማውን አቁሞ መመለስ አይችልም ነበር፤ ምስሉ ሲያልፍ ትምህርቱም አለፈ።

አሁን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት በመጻሕፍት እጥረት ምክንያት ብዙ ተማሪዎችን በቴሌግራም የሚሠራጭ ፒዲኤፍ በስልክ እንዲያነቡ አስገድዷል፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ልጆቹ ወደ ክፍል ሲመለሱ ለየትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ሊገዛለት የሚገባው በየደረጃው የሚነበብ የታሪክና የተረት መጽሐፍ ነው፤ ቤት ተወስዶ የሚመለስ እንጂ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን የሚቆለፍበት መሆን የለበትም። የክልሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥንም መጽሐፍ ባስተረኩ ቁጥር፣ የተተረከው መጽሐፍ በየወረዳው የት ቦታ በውሰት እንደሚገኝ ለአድማጩና ለተመልካቹ መናገር አለባቸው።