ዋንጫ መቁጠር ብቻውን ዳኝነት አይሆንም





በሻይ ሰዓት በየመሥሪያ ቤቱ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ፣ ከቀድሞዎቹ የአውሮፓ እግር ኳስ ቡድኖች የአምስተርዳሙ አያክስ ይበልጣል ወይስ የሙኒኩ ባየርን የሚለው ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው፣ «ሁለቱም የአውሮፓ ሻምፒዮኖችን ዋንጫ በተከታታይ ሦስት ሦስት ጊዜ ወስደዋልና እኩል ናቸው» በሚል ፍርድ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይመስለኝም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አያክስን እናስቀድም። ይህ ቡድን በ1971 በለንደን የግሪኩን ፓናቲናይኮስን 2 ለ 0፣ በ1972 በሮተርዳም የኢጣሊያውን ኢንተርን 2 ለ 0፣ በ1973 በቤልግሬድ ዩቬንቱስን 1 ለ 0 አሸነፈ። በሦስቱ የፍጻሜ ጨዋታዎች አምስት ግብ ሲያገባ አንድም አልገባበትም። በ1972 የአገሩን የሊግና የጥሎ ማለፍ ዋንጫዎች ጨምሮ ወስዷል። የጥንካሬው ምሥጢር አሠልጣኙ ሪኑስ ሚሼልስ ያስተማረውና ከ1971 በኋላ ስቴፋን ኮቫች የቀጠለበት ዘዴ ነበር። ተከላካዩ ወደ ፊት ሲሄድ ባልንጀራው ወዲያውኑ ቦታውን ይሸፍንለታል፤ አጥቂው ዮሐን ክራይፍም ወደ ኋላ እየተመለሰ ጨዋታውን ይመራል። ስለዚህ ተጋጣሚው ማንን ተከትሎ ማንን እንደሚተው ግራ ይገባው ነበር።

የባየርን መንገድ ሌላ ነበር። በ1974 በብራስልስ በአትሌቲኮ ማድሪድ 1 ለ 0 እየተመራ፣ ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ተከላካዩ ሽቫርትሰንቤክ ከሩቅ መትቶ አቻ አደረገ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በተደገመው ጨዋታ 4 ለ 0 አሸነፈ። በ1975 በፓሪስ ሊድስን 2 ለ 0 ሲረታ፣ እንግሊዛውያኑ አስቀድመው ያገቡት ግብ ከጨዋታ ውጭ ነው ተብሎ ተሽሮባቸዋል። በ1976 በግላስጎው ሴንት ኤቲየንን 1 ለ 0 ያሸነፈውም የፈረንሳዮቹ ኳስ ሁለት ጊዜ የግቡን አግዳሚ ከመታ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ዕድል ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዕድል ድንገት ይመጣል እንጂ ሦስት ዓመት ተቀምጦ አያገለግልም። በ1975 ባየርን በአገሩ ሊግ 10ኛ ሆኖ ሳለ በዚያው ዓመት የአውሮፓን ዋንጫ መውሰዱ፣ በተዳከመበት ጊዜ እንኳ ተስፋ የማይቆርጥ ቡድን እንደ ነበረ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። በማርች 1973 በሩብ ፍጻሜ በአምስተርዳም ተጋጥመው፣ ግብ ሳይገባ ከዕረፍት ሲመለሱ አያክስ አራት ግብ አከታትሎ አገባ፤ ባየርን አንድም አላገባም። በመልሱ ጨዋታ ባየርን በሙኒክ 2 ለ 1 ቢያሸንፍም በድምሩ 5 ለ 2 ተረታ። ያን ጊዜ ባየርን ገና ያልበሰለ ቡድን ነበር እንዳይባል፣ በረኛው ማየር፣ ቤከንባወርና ሙለር ከአንድ ዓመት በፊት ከምዕራብ ጀርመን ጋር የአውሮፓን የብሔራዊ ቡድኖች ዋንጫ የወሰዱ ሰዎች ናቸው።

ለባየርን የሚከራከሩ ወዳጆቻችን በ1974 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ምዕራብ ጀርመን ሆላንድን 2 ለ 1 ማሸነፉን ያነሣሉ። በእርግጥ በዚያ ቀን ስድስት የባየርን ተጫዋቾች ተሰልፈዋል። ነገር ግን ያ የአገሮች ግጥሚያ ነው፤ ክራይፍም ያን ጊዜ የባርሴሎና ተጫዋች እንጂ የአያክስ አልነበረም።

የክራይፍ መሄድ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በ1973 የአያክስ ተጫዋቾች አምበላቸውን በድምፅ ሲመርጡ ክራይፍን ትተው ፒት ካይዘርን መረጡ። ብዙም ሳይቆይ ክራይፍ ወደ ባርሴሎና ሄደ። ያ ሦስት ዓመት ማንም ያልቻለው ቡድን በሚቀጥለው ውድድር በሁለተኛው ዙር በቡልጋሪያው ቡድን በሶፊያ ተሸንፎ ወጣ። የባየርን የመጀመሪያ ዋንጫ የመጣው በዚሁ ዓመት ነው። ማየር፣ ቤከንባወርና ሙለር ግን በሦስቱም ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ አብረው ተሰልፈዋል።

እኔ በሙያዬ መምህር ነኝ። በፈተና እኩል 90 ያገኙ ሁለት ተማሪዎች በችሎታ እኩል ናቸው ማለት እንዳልሆነ በየዓመቱ አያለሁ፤ አንደኛው በብሩህ አእምሮው፣ ሁለተኛው በትጋቱ ያገኘዋል። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ በጨዋታ አያክስ ይበልጣል፤ አብሮ በመጽናት ግን ባየርን ይበልጣል። አያክስን ያፈረሰው የባየርን እግር አይደለም፤ የመልበሻ ክፍሉ አለመስማማት ነው።

በየመሥሪያ ቤታችንም የተማሩና የሠለጠኑ ሰዎች ተሰብስበው ሳለ፣ ማን ይቅደም በሚል ነገር ሥራው ሲበላሽ እናያለን። ያን ጊዜ ከችሎታ ማነስ እንደመጣ አድርገን አዲስ ሰው መፈለግ እንወዳለን። በእጃችን ያሉትን ሰዎች አስማምቶ ማቆየት ግን ራሱን የቻለ ችሎታ መሆኑን የምናስበው ከተበተኑ በኋላ ነው።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ